ረዳት ግሥ፤ በእንግሊዝኛ የሚጠራው፣ በአማርኛ የሚሰናበተው

(በተማሪዎች ማኅበር የምሽት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ርእሴ ሲሰሙት ደረቅ ነው። የእንግሊዝኛ ረዳት ግሥ እንኳንስ በምሽት፣ በጧቱ ክፍለ ጊዜም ቢሆን እንቅልፍ የሚያመጣ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም ርእሱን የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። በየክረምቱ ወደ ፍኖተ ሰላም በተመለስሁ ቁጥር ከዘጠነኛና ከዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ጋራ ለጥናት እቀመጣለሁ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ከቡሬ፣ ከጅጋና በዙሪያው ካለው ገጠር መጥተው፣ ቤት ተከራይተው፣ ስንቃቸውን በየሳምንቱ ከቤተ ሰባቸው እያመጡ የሚማሩ ናቸው። ሒሳቡን አሳምሮ የሚሠራ፣ የባዮሎጂውንም ሥዕል አጥርቶ የሚሥል ልጅ «ዱ» እና «ዲድ» ከሚባሉት ትንንሽ ቃላት ፊት ሲደርስ ሲሰናከል አያለሁ። በክልላችን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም፣ ኬሚስትሪውም፣ ታሪኩም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ በእነዚህ ቃላት የተሰናከለ ልጅ የእንግሊዝኛ ውጤቱ ብቻ ሳይሆን ሌላውም ትምህርቱ አብሮ ይወድቃል። ከዚህም የከፋው አንድ ቀን ተሳስቶ የተሳቀበት ልጅ ዓመቱን ሙሉ እጁን ሳያነሣ መቅረቱ ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ዓመት ያሳለፍን ብዙዎች ነን ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ላስረዳ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። እነዚህ ልጆች የሚሳሳቱት ሰዋስው ስለሚያውቁ ነው፤ የሚያውቁትም የአማርኛውን ሰዋስው ነው። የሁለቱ ቋንቋዎች ረዳት ግሦች በጠባያቸው የተቃረኑ ናቸው። አማርኛ አሉታ በመጣ ጊዜ ረዳቱን ያሰናብታል፤ እንግሊዝኛ አሉታ በመጣ ጊዜ ረዳት ይጠራል። ይህን አንድ ነገር በሚገባ ያየ ተማሪ ብዙ ሕግ በቃል ከማጥናት ያርፋል።

ንግግሩን ለኅትመት ስሰጥ የእንግሊዝኛውን ቃላት እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ።

፩. ከቤታችን እንጀምር

«እመጣለሁ» የሚለውን ቃል እንመልከት። አንድ ቃል ይመስላል እንጂ ሁለት ቃላት የተጋጠሙበት ነው። ሲፈታ «እመጣ» እና «አለሁ» ይሆናል። «ትመጪያለሽ» ሲፈታ «ትመጪ» እና «አለሽ» ነው። «መጥቻለሁ»ም እንዲሁ «መጥቼ» እና «አለሁ» ነው። «ይመጣል» በሚለው ላይ ረዳቱ ተቆርጦ «ል» ብቻ ስለቀረ በቀላሉ አይታይም፤ ግን እርሱም ያው «አለ» ነው። እንግዲህ በየቀኑ ስንናገር ዋናውን ግሥ ከኋላ ሆኖ የሚደግፍ አንድ ረዳት አለን ማለት ነው፤ ስሙም «አለ» ነው።

ይህ ረዳት በጥንት አልነበረም። ከመካከላችን በቅኔ ቤት ያለፋችሁ እንደምታውቁት፣ በግዕዝ «ይመጽእ» የሚለው ግሥ ያለ ማንም ድጋፍ ዐረፍተ ነገሩን ያስራል። የእኛው «አለ» የግዕዙ «ሀሎ» ዘመድ ሲሆን፣ በአማርኛ ከግሡ ጋራ ተጣብቆ የማሰሪያ አንቀጽ ክፍል ሆኖአል። ያለ ረዳት የሚቆመው ጥንታዊ ቅርጽ ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ በተረትና በምሳሌ ውስጥ እናገኘዋለን። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን እንጂ «ያስራል» ብለን አንተርትም።

አሁን በእነዚህ ግሦች ላይ አሉታን እንጨምር። «ይመጣል» ሲፈርስ «አይመጣም» ይሆናል። «አይመጣልም» የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁን? ረዳቱ ተሰናብቶአል። «መጥቷል» ሲፈርስ ደግሞ «አልመጣም» ይሆናል። በዚህኛው ላይ ረዳቱ ብቻ ሳይሆን «መጥቶ» የሚለው ቦዝ አንቀጽም አብሮ ሄዶ፣ በምትኩ «መጣ» ተተክቶአል። እንዲሁም ግሡ ከሌላ ዐረፍተ ነገር ሥር ሲገባ ረዳቱ ይጠፋል። «ሲመጣ» እንጂ «ሲመጣል» አይባልም፤ «የሚመጣ ሰው» እንጂ «የሚመጣል ሰው» አይባልም። የአማርኛ ረዳት በአዎንታ ጊዜ፣ በዋናው ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ የሚቀመጥ ነው፤ አሉታ ሲገባ ወንበሩን ይለቃል።

ይህ ሕግ ሁሉንም ረዳት እንደማይገዛ መናገር ይገባል። «እየመጣ ነው» ሲፈርስ «እየመጣ አይደለም» ይሆናል። እዚህ ላይ ረዳቱ በስፍራው ቆይቶ አሉታውን ራሱ ይሸከማል። «መጥቶ ነበር» ሲፈርስም «አልመጣም ነበር» ይላል፤ «ነበር» አይሄድም። እነዚህን ሁለቱን አስታውሱልኝ፤ ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

፪. የእንግሊዝኛው ረዳት

በእንግሊዝኛ ረዳት ግሥ ተብለው የሚቆጠሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። «ቢ» ከነዝርዝሩ፣ «ሃቭ» ከነዝርዝሩ፣ «ዱ» ከነዝርዝሩ፤ ከዚያም «ካን፣ ኩድ፣ ሜይ፣ ማይት፣ ዊል፣ ዉድ፣ ሻል፣ ሹድ፣ ማስት» የሚባሉት ዘጠኙ። «ኒድ» እና «ዴር» አንዳንድ ጊዜ ከረዳቶቹ፣ አንዳንድ ጊዜ ከዋናዎቹ ግሦች ጋራ ይሰለፋሉ።

ረዳት ግሥ በምን ይታወቃል? ስለዚህ ጉዳይ በግልጥ ከጻፉት አንዱ ፍራንክ ፓልመር የተባለው እንግሊዛዊ የቋንቋ ሊቅ ነው። ፓልመር ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ስለ እንግሊዝኛ ግሥ በ1965 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን ከማሳተሙ በፊት፣ ዛሬ በኤርትራ የሚነገሩትን የብሌንንና የትግረን ቋንቋዎች ሲያጠና የቆየ ሰው ነው። የብሌንን ግሥ በ1957፣ የትግረን ስም በ1962 እ.ኤ.አ. ጽፎባቸዋል። የራሱን ቋንቋ ግሥ የመረመረው በእኛ በኩል ያሉትን ቋንቋዎች ካየ በኋላ መሆኑ ለእኛም ምክር ይሆነናል ብዬ አስባለሁ።

የእንግሊዝኛ ረዳት ግሥ የሚታወቀው በአራት ሥራ ነው። አንደኛ፣ አሉታውን ማለት «ኖት»ን ተሸክሞ ይቆማል። ሁለተኛ፣ ጥያቄ ሲሆን ከባለቤቱ ፊት ይቀድማል። ሦስተኛ፣ በመልስ ጊዜ ዋናውን ግሥ ተክቶ ብቻውን ይቆማል። አራተኛ፣ ነገሩን ማጽናት ሲፈለግ ድምፅ የሚጠብቀው በእርሱ ላይ ነው። ዋናው ግሥ ከእነዚህ ከአራቱ አንዱንም አይሠራም። እንግሊዛዊ «ካም ሂ?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ሂ ካምስ ኖት» ብሎም አያፈርስም።

እንግዲህ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ረዳት ካለ ሥራው ቀላል ነው። «ሂ ካን ካም» ሲፈርስ «ሂ ካን ኖት ካም» ይሆናል። ረዳት ከሌለስ? «ሂ ካምስ» በሚለው ውስጥ ረዳት የለም፤ «ኖት»ን የሚሸከም ይፈለጋል። በአገራችን ገበሬ አዝመራው ሲከብደው ደቦ እንደሚጠራ፣ እንግሊዝኛም በዚህ ጊዜ «ዱ»ን ይጠራል፤ «ሂ ዳዝ ኖት ካም» ይላል። እዚህ ላይ «ዱ» «ማድረግ» ማለት አይደለም። ትርጉም የለውም፤ ሥራው ጊዜውንና መደቡን ይዞ «ኖት»ን መሸከም ብቻ ነው። ይህን ያላወቀ ተማሪ «ዋት ዱ ዩ ዱ?» የሚለውን ጥያቄ ሲያይ ቃሉ በስሕተት ሁለት ጊዜ የተጻፈ ይመስለዋል። የፊተኛው የተጠራው ረዳት ነው፤ የኋለኛው «ማድረግ» የሚለው ዋናው ግሥ ነው።

፫. ስሕተቱ ከየት ይመጣል?

ከሁሉ የበዛውን ስሕተት እናንሣ። «አልሄድሁም» ለማለት ልጁ «አይ ዲድ ኖት ዌንት» ይላል። መምህሩ በቀይ ይሰርዝበታል፤ «ከዲድ በኋላ የግሡ መነሻ ነው» ይለዋል። ልጁ ሕጉን ይጽፋል፤ በማግሥቱም ያንኑ ይደግመዋል። ለምን? «አልሄድሁም» የሚለውን ብንፈታው «አል»፣ «ሄድሁ» እና «ም» እናገኛለን። «ሄድሁ» የሚለው የኀላፊ ግሥ ምንም ሳይነካ በመካከል ተቀምጦአል። ልጁ ለ«አል...ም» ምትክ «ዲድ ኖት»ን፣ ለ«ሄድሁ» ምትክ «ዌንት»ን አገባ። በራሱ ቋንቋ ሒሳቡ ልክ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእንግሊዝኛ ኀላፊነቱን «ዲድ» ወስዶታልና ዋናው ግሥ ዳግመኛ ሊለብሰው አይችልም። ስለዚህ «አይ ዲድ ኖት ጎ» ይሆናል።

ሁለተኛው ስሕተት የዚሁ ወንድም ነው። «ሺ ዳዝ ኖት ጎዝ» የሚለው ነው። አማርኛ መደብን ሁለት ጊዜ መናገር ይወዳል። «ሄዳለች» ሲፈታ «ሄዳ» እና «አለች» ነው፤ «ሄዳ» ሴት መሆኗን ይናገራል፣ «አለች»ም መልሶ ይናገራል። «ሄጃለሁ» ስንል «ሄጄ»ም «አለሁ»ም «እኔ» የሚለውን ይዘዋል። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ልጅ ምልክቱን በረዳቱም በዋናውም ላይ ቢያደርግ አያስደንቅም። በእንግሊዝኛ ግን ጊዜንና መደብን የሚለብሰው በግሦቹ ሰልፍ ፊት ላይ የቆመው አንዱ ብቻ ነው። «ሺ ሃዝ ቢን ዎርኪንግ» በሚለው «ሃዝ» ፊት ስለሆነ ምልክቱን ለብሶአል። ከፊቱ «ማስት» ሲገባ ግን «ሺ ማስት ሃቭ ቢን ዎርኪንግ» ይሆናል፤ «ሃዝ» ልብሱን አውልቆ «ሃቭ» ሆነ። ይህንኑ በአማርኛ «ስትሠራ ቆይታ መሆን አለበት» እንላለን። ተመልከቱ፤ በእንግሊዝኛ ፊት ላይ የቆመው «ማስት» በአማርኛ «አለበት» ሆኖ መጨረሻ ላይ ተቀምጦአል። ሰልፉ ያው ነው፤ አንዱ ከራስ ወደ ጅራት፣ ሌላው ከጅራት ወደ ራስ ይሄዳል።

ሦስተኛው በጥያቄ ላይ ነው። እኛ «ትመጣለህ» የሚለውን ጥያቄ ለማድረግ ድምፅ ማንሣት፣ ወይም «ወይ» የሚል ቃል መጨመር ይበቃናል፤ የቃላቱ ስፍራ አይለወጥም። በእንግሊዝኛ ረዳቱ ከባለቤቱ ፊት መቅደም አለበት። ረዳት ከሌለም ያው «ዱ» ይጠራል። ከዚሁ ጋራ የሚሄደው የማረጋገጫው ጥያቄ ነው። እኛ ለሁሉም አንድ «አይደል?» አለን። «መጥቷል፣ አይደል?»፣ «ትችላለህ፣ አይደል?»፣ «ነገ ነው፣ አይደል?» እንላለን። ልጁም ይህንኑ አንድ ቃል «ኢዝንት ኢት?» ብሎ ተርጉሞ በሁሉ ላይ ይለጥፈዋል። እንግሊዝኛ ግን የፊተኛውን ረዳት መልሶ ይጠራል። በ«ካን» ከተጀመረ «ካንት»፣ በ«ሃዝ» ከተጀመረ «ሃዝንት»፣ ረዳት ከሌለም በ«ዳዝንት» ወይም በ«ዲድንት» ይጨርሳል።

አራተኛው በመልስ ላይ ነው። እኛ «በልተሃል?» ስንባል ግሡን ራሱን መልሰን «በልቻለሁ» እንላለን። እንግሊዛዊ ዋናውን ግሥ ትቶ በረዳቱ ብቻ «የስ፣ አይ ሃቭ» ይላል። ጥያቄው በአሉታ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። «ቡና አልጠጣህም?» ሲሉን ካልጠጣን «አዎ፣ አልጠጣሁም» እንላለን። «አዎ» የምንለው የጠያቂው አነጋገር እውነት መሆኑን ለመመስከር ነው። እንግሊዝኛ እውነቱን የሚለካው በጠያቂው ሳይሆን በሥራው ነው፤ ካልጠጣህ «ኖ፣ አይ ሃቭንት» ነው። እንግዳ ተቀባዩ ፈረንጅ ሆኖ «የስ» ያለው ጎጃሜ እንደ ጠጣ ይቆጠርና ሲኒው ያልፈዋል። በቡና ላይ ሲሆን ያስቃል፤ ለሥራ በሚጠየቁበት ሰዓት ሲሆን ግን አያስቅም።

፬. በ«የለብህም» ላይ ያለው አደጋ

ከዘጠኙ ረዳቶች ብዙዎቹ ዱሮ ሙሉ ግሦች ነበሩ። «ካን» በጥንቱ እንግሊዝኛ «ማወቅ» ነበር፤ «ዊል» «መፈለግ» ነበር። የመጀመሪያው ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ «መዋኘት ይችላል» በማለት ፈንታ «መዋኘት ያውቃል» እንላለንና። ልዩነቱ የእኛ ግሥ እርባው ሙሉ መሆኑ ነው። «ቻለ፣ ይችላል፣ መቻል፣ ችሎ፣ ቻይ» ይባላል። «ካን» ግን እርባው የጎደለ ነው፤ መነሻም፣ ቦዝም የለውም፣ በሦስተኛ መደብም «ስ» አይጨመርበትም፣ ከሌላ እንደ እርሱ ካለ ረዳት ጋራም አይሰለፍም። ስለዚህ «ነገ እችላለሁ» ለማለት «አይ ዊል ካን» ማለት አይሆንም፤ «አይ ዊል ቢ ኤብል ቱ» ብሎ በዙሪያ መሄድ ያስፈልጋል።

«ማስት» የሚለውን በ«አለበት» እንተረጉመዋለን። ይህም ያው የቀድሞው «አለ» ነው። «ብድር አለብኝ» እና «መሄድ አለብኝ» በአንድ ቃል የሚነገሩ ናቸው፤ አማርኛ ግዴታን እንደ ዕዳ ይቆጥረዋል። ትርጉሙ በአዎንታ ጊዜ ልክ ነው። በአሉታ ጊዜ ግን ጉድጓድ አለበት። «መምጣት የለብህም» ማለት ምን ማለት ነው? «እንዳትመጣ» ማለት ይሆናል፤ ደግሞም «የመምጣት ግዴታ የለብህም፣ ከፈለግህ ግን ና» ማለት ይሆናል። እንግሊዝኛ ሁለቱን ይለያል። ክልከላው «ማስት ኖት» ነው፤ ግዴታ አለመኖሩ «ዱ ኖት ሃቭ ቱ» ወይም «ኒድ ኖት» ነው።

ይህ የሰዋስው ሊቃውንት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሁለተኛ ደረጃ ስማር፣ በኬሚስትሪ የሙከራ ሰዓት፣ በተሰጠን ወረቀት ላይ «ዩ ማስት ኖት አድ ዋተር ቱ ዚ አሲድ» የሚል ቃል ነበረ። አሲዱ ያልቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ከአጠገቤ የነበረው ጓደኛዬ ወረቀቱን አንብቦ «ውሃ መጨመር የለብንም ይላል፤ እንግዲያው ካልፈለግን እንተወው፣ ግን ብናቀጥነው ይሻላል» አለና የውሃውን ጠርሙስ አነሣ። ከወዲያኛው ጠረጴዛ የነበረ ተማሪ እጁን ባይዘው ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር የሚያውቅ ያውቀዋል። በዚህ አሲድ ላይ ውሃ ሲፈስበት ብርቱ ሙቀት ይወጣል፤ ውሃው በቅጽበት ይፈላና አሲዱን በፊትና በዓይን ላይ ይረጫል። መደረግ ያለበት አሲዱን በውሃ ውስጥ ቀስ በቀስ እያማሰሉ መጨመር ነው። ጓደኛዬ ሰነፍ አልነበረም፤ እያንዳንዱን ቃል ያውቅ ነበር። የተረጎመውም ልክ ነበር። የተሳሳተው ከተረጎመ በኋላ «የለብንም» ከሚለው ሁለት ትርጉም የማይሆነውን በመምረጡ ነው።

የዚህ ተቃራኒም በፈተና ላይ ይደርሳል። «ዩ ዱ ኖት ሃቭ ቱ አንሰር ኦል ኩዌስችንስ» የሚለውን «ሁሉንም መመለስ የለባችሁም» ብሎ ተረድቶ፣ የሚያውቀውን ጥያቄ የተከለከለ መስሎት ባዶ የሚተው ልጅ አለ። ስለዚህ ለምናስጠናቸው ልጆች «ማስት ኖት»ን በ«የለብህም» ፈጽሞ አንተርጉምላቸው። «እንዳት...» በሚለው እንተርጉመው፤ «እንዳትጨምር»፣ «እንዳትነካ»፣ «እንዳትሄድ» ይባል። ሌላውን «ግዴታ አይደለም» እንበለው። ሁለት ቃል ለሁለት ነገር ከተሰጠ አደጋው ያልፋል።

፭. እንግሊዝኛም ዱሮ እንዲህ አልነበረም

አንዳንድ ተማሪ «ዱ»ን ሲጠላ «ይህ ቋንቋ ምን ያህል የተጣመመ ነው» ይላል። እንግሊዞችም ዱሮ ያለ «ዱ» ይናገሩ ነበር። ግሡን ራሱን አስቀድመው ይጠይቁ ነበር፤ «ኖት»ንም ከዋናው ግሥ ኋላ አስቀምጠው ያፈርሱ ነበር። ከ1564 እስከ 1616 እ.ኤ.አ. በኖረው በሼክስፒር ድርሰቶች ውስጥ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ይገኛሉ። በ1611 እ.ኤ.አ. በታተመው በንጉሥ ጀምስ መጽሐፍ ቅዱስም አሮጌው አነጋገር በብዛት አለ። «ዱ» በአሉታና በጥያቄ ላይ ሥልጣኑ እየጸና የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ያወቀ ተማሪ በአሮጌ መጽሐፍ ውስጥ ያለ «ዱ» የተጻፈ አሉታ ሲያገኝ ግራ አይጋባም፤ ደግሞም ዛሬ እንደዚያ አድርጎ አይጽፍም።

እኛም ዘንድ እንዲሁ ነው። በግዕዝ ያልነበረው ረዳት በአማርኛ ገባ፤ ነገር ግን በአዎንታው ላይ ገብቶ አሉታውን ለጥንቱ ቅርጽ ተወለት። እንግሊዝኛ ደግሞ አዎንታውን ለጥንቱ ትቶ፣ አዲሱን ረዳት በአሉታና በጥያቄ ላይ አስገባ። እንግዲህ «ይመጣል» እና «አይመጣም»ን በአንድ ወረቀት ላይ፣ «ሂ ካምስ» እና «ሂ ዳዝ ኖት ካም»ን ከጎናቸው ጽፋችሁ ተመልከቱ። በአንደኛው ረዳቱ ከላይ ነው፤ በሁለተኛው ከታች ነው። ባለፈው ክረምት ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ፣ ከቅኔ ቤት ወጥቶ ዘግይቶ ዘመናዊ ትምህርት የጀመረ አንድ ልጅ ከሁሉ በፊት ተነሥቶ «እንዲያውማ የእኛው ተገልብጦ ነዋ!» አለ። ልጁ ዓመቱን ሙሉ በእንግሊዝኛ ክፍል አፉን ያልከፈተ ነበር። በግዕዝ ግሥ እያረባ ያደገ ሰው ሰዋስው አያስፈራውም፤ የሚያስፈራው፣ የሚያውቀው ነገር ሁሉ ከንቱ እንደሆነ ሲነገረው ነው።

፮. ምን እናድርግ?

በእንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ አማርኛ ፈጽሞ መሰማት የለበትም የሚሉ መምህራን አሉ። ምክንያታቸው ቀላል አይደለም። በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ የሚኖር ተማሪ ከክፍሉ ውጭ እንግሊዝኛ የሚሰማበት ስፍራ ጥቂት ነው፤ ያቺም ጊዜ በአማርኛ ከተያዘችበት ምን ይተርፈዋል? ይህን እቀበላለሁ። ዳሩ ግን አማርኛው ከክፍሉ ቢከለከልም ከልጁ ራስ አይወጣም፤ ዐረፍተ ነገሩን ከውስጥ ሆኖ ያዘጋጀዋል። የተደበቀውን ለአምስት ደቂቃ በሰሌዳ ላይ አውጥቶ አሳይቶ፣ የቀረውን ሠላሳ አምስት ደቂቃ በእንግሊዝኛ መናገር ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ደግሞም አማርኛ የሁላችንም የአፍ መፍቻ እንዳልሆነ አንርሳ። ከቡሬ ጥቂት አልፎ ከአዊ የመጣው ጓደኛችን ከአገውኛው ይነሣ፤ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ የሚናገረውም ከራሱ ይነሣ። ጥያቄው ለሁሉም አንድ ነው፤ «በቋንቋዬ አሉታ ሲመጣ ግሡ ምን ይሆናል?» ይበል።

ወደ አሳቤ ልመለስ። በመጪው ክረምት ወደየአገራችን ስንመለስ፣ በየሰፈራችን የሚያጠኑትን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለጥቂት ቀን ብንሰበስብ፣ ሥርዓቱን እንዲህ ብናደርገው መልካም ይመስለኛል። መጀመሪያ ቀድሞ አስታውሱልኝ ካልኋችሁ ከ«እየመጣ ነው» እና ከ«እየመጣ አይደለም» እንነሣ፤ ይህ ከእንግሊዝኛው «ኢዝ ካሚንግ» እና «ኢዝ ኖት ካሚንግ» ጋራ ስለሚገጥም ልጁን አያስደነግጠውም፤ ረዳት ራሱ አሉታን ሲሸከም በራሱ ቋንቋ ያያል። ቀጥሎ «ካን»ንና «ማስት»ን እናምጣ። «ዱ»ን በመጨረሻ እናምጣ፤ ረዳት በጠፋ ጊዜ የሚጠራ እንግዳ መሆኑን እናሳይ። ጊዜና መደብ የሚለበሰው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በፊተኛው ላይ ብቻ መሆኑን እናስረዳ። ከዚያ በኋላ ማስጠየቅና ማስመለስ ነው። ልጆቹ እርስ በርሳቸው «ዱ ዩ?»፣ «ካን ሺ?»፣ «ሃቭ ዜይ?» እየተባባሉ በረዳት ብቻ ይመልሱ። የሰዋስው መጽሐፍ የሚሻ ሰው ከእንግሊዝኛው ጋራ የመርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስን «የአማርኛ ሰዋስው»፣ ወይም ባየ ይማም በ1987 ዓ.ም. ያሳተሙትን የዚሁን ስም መጽሐፍ ከጎኑ ያስቀምጥ፤ አንዱ ሌላውን ያበራዋል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አንድ ልጅ «አይ ዲድ ኖት ዌንት» ሲል ብንሰማ አንሣቅበት። «አልሄድሁም» የሚለውን በሰሌዳ ላይ ጽፈን እንፍታለትና «ያመጣኸው ከዚህ ነው፤ ልክ ነህ፤ በዚያኛው ቤት ግን ሥርዓቱ እንዲህ ነው» እንበለው። እኔን እንዲህ ያለኝ ሰው ያገኘሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። በፍኖተ ሰላም ያሉት ታናናሾቻችን ግን እስከዚያ ድረስ መቆየት አይገባቸውም።